ጠዋት አልነሳ የሚል ፒካፕ፦ ስለ ባትሪ መድከም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ፣ ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሆለታ፣ ሰበታ። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለ ሰው ፒካፕ የሚይዘው ለሥራ ነው። ወተት ይጭንበታል፣ ሲሚንቶ ይጭንበታል፣ እንቁላል ያደርስበታል። መኪናው ጠዋት አልነሳም ካለ የዚያ ቀን ገቢ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ተጣድፎ ባትሪ ይገዛል። ወር ሳይሞላ አዲሱም ይወድቃል። ጥፋቱ መጀመሪያውኑ የባትሪው አልነበረማ። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ተራ ቴስተር (ቮልትና አምፔር መለኪያ) ያዙና ለኩ። ከታች ያሉት መልሶች በሙሉ የሚነሱት ከዚያ ነው።

ቁልፍ ሳዞር የምሰማው ድምፅ ምን ይነግረኛል?

ብዙ ይነግራችኋል። ኮፈን ከመክፈታችሁ በፊት ጆሯችሁን ስጡት።

«ቲክ ቲክ ቲክ ቲክ» ብሎ በፍጥነት ከተንጣጣና የዳሽቦርዱ መብራት አብሮ ከደበዘዘ፣ ባትሪው ደክሟል ወይም የባትሪው ጫፍ ላልቷል። አንዴ ብቻ «ጧ» ብሎ ዝም ካለ ጥርጣሬው ወደ ሞተሪኖው (ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን አዙሮ ወደሚያስነሳው) ወይም ወደ ወፍራሞቹ ኬብሎች ይሄዳል። ሞተሪኖው በፍጥነት እያፏጨ ሞተሩ ካልዞረ ደግሞ ጥርሱ አልያዘም፤ የባትሪ ጉዳይ አይደለም።

ምንም ድምፅ ከሌለስ? አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹን ኤን (N) ላይ አድርጋችሁ ሞክሩ። ማንዋል ከሆነ ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ርገጡ፤ አንዳንዱ ፒካፕ ፔዳሉ ሥር ያለችው ማብሪያ ካልተነካች አይነሳም። ከዚያ ፊውዝና ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያና ማጥፊያ) ይታያል።

ሞተሩ እንደ ወትሮው እየዞረ ካልተነሳ ባትሪውን ተዉት። እሱ ሥራውን ሠርቷል። ችግሩ ናፍታው፣ ማሞቂያ ካንዴላው ወይም የቁልፉ የስርቆት መከላከያ ነው። የናፍታ ፊልትሮ ውስጥ ውሃ ሲጠራቀምም እንዲህ ያደርጋል። በድሮዎቹ ናፍታ ሃይሉክሶች ላይ ደግሞ ፓምፑ ላይ ያለችው የናፍታ መዝጊያ ኤሌክትሪክ ካልደረሳት ሞተሩ ቢዞር ቢዞር አይነሳም። ሽቦዋ ላልቶ እንደሆነ መጀመሪያ እዩ።

የባትሪውን ጤንነት በቴስተር እንዴት ልለካ?

ጠዋት፣ መኪናው ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ካደረ በኋላ ለኩ። ገና ከመንገድ የገባ መኪና ላይ የምታዩት ቁጥር ያሳስታል።

ቴስተሩን ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርጉ። ቀዩን ጫፍ ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩን ኔጋቲቭ ላይ ያዙ። 12.6 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሙሉ ነው። 12.4 ከሆነ ሩቡ ጎድሏል። 12.2 ግማሽ ነው። 12.0 ላይ ከደረሰ ሊያልቅ ነው፤ ናፍታ ሞተር በብርድ ላያስነሳላችሁ ይችላል።

ይሄ ግን ግማሽ ምርመራ ነው። ያረጀ ባትሪ 12.6 እያሳየ ጉልበት ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ አንድ ሰው ቁልፍ ያዙር፣ እናንተ ቴስተሩን ተመልከቱ። ሞተሩ ሲዞር ቮልቱ ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም። ሞልቶ ያደረ ባትሪ ወደ 8 ወይም 7 ከተንኮታኮተ ወይ ባትሪው አብቅቶለታል ወይ ሞተሪኖው ከልክ በላይ እየሳበ ነው። የሚለየው ሌላ ጤነኛ ባትሪ ተውሶ በመሞከር ነው። በተዋሳችሁት ባትሪም እንደዚያው ከወረደ፣ አዲስ ባትሪ ለመግዛት ያሰባችሁትን ብር ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት።

ዲናሞው (ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው) ቻርጅ እያደረገ መሆኑን በምን አውቃለሁ? መካኒኩ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ኬብል ነቅሎ «ይኸው አልጠፋም፣ ዲናሞው ደህና ነው» አለኝ።

እባካችሁ ይህን አታስደርጉ። በየሰፈሩ የተለመደ ነው፣ ግን መኪና ይጎዳል። ዲናሞው እየሠራ ባትሪው ድንገት ሲነቀል ቮልቱ በቅጽበት በጣም ይዘላል። የሚያረግበው ባትሪው ነበር። ያ ዝላይ የዲናሞውን ዳዮድ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን ክፍል) ወይም የሞተሩን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል። በድሮ መኪና ላይ ብዙ ጊዜ በሰላም ታልፎ ይሆናል። ዛሬ ኮምፒውተር በሞላበት ፒካፕ ላይ ግን ቁማር ነው፣ ያውም በሰው ንብረት።

ትክክለኛው መንገድ ከዚያ ይቀላል። ሞተሩን አስነሱ፣ ቴስተሩን ባትሪው ላይ ያዙ። ከ13.8 እስከ 14.5 ካነበባችሁ ዲናሞው እየሞላ ነው። የፊት መብራቱን፣ ማራገቢያውንና ሬዲዮውን ሁሉ ክፈቱና ነዳጅ ሰጥ አድርጋችሁ ድገሙት። ከ13.5 በታች ከወረደ ዲናሞው አልቻለም ወይም የሚያዞረው ቺንጋ እየተንሸራተተ ነው። 15 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ቮልቱን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ተበላሽቷል፤ ባትሪውን እያፈላው ነው። የባትሪው ጎን ሲያብጥ ወይም የተበላሸ እንቁላል ሽታ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይሄው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ቁልፍ ስትከፍቱ፣ ሞተሩ ሳይነሳ በፊት፣ የባትሪ ምልክት ያለባት ቀይ መብራት መብራት አለባት። ጭራሽ ካልበራች «ችግር የለም» ማለት አይደለም። በብዙ መኪና ዲናሞውን የምትቀሰቅሰው እሷ ያለችበት መስመር ነው። አምፖሏ ከተቃጠለ ወይም ሽቦው ከተቆረጠ ዲናሞው ደህና ሆኖ ሳለ ቻርጅ ላያደርግ ይችላል። በዚች አምፖል ምክንያት ዲናሞ የቀየረ ሰው ጥቂት አይደለም።

ባትሪው አዲስ ነው፣ ዲናሞውም ይሠራል። ሁለት ሦስት ቀን ካቆምኩት ግን አይነሳም።

መኪናው ቆሞ ሳለ የሆነ ነገር ኤሌክትሪክ እየጠጣ ነው። ቀዳዳ ያለበትን ጀሪካን በየጊዜው መሙላት አያዋጣም፣ ቀዳዳው ይፈለግ።

መጀመሪያ ሒሳቡን እዩት። የቆመ መኪና ለሰዓት፣ ለማንቂያ ደወልና ለኮምፒውተር ትውስታ ትንሽ ይስባል። እስከ 50 ሚሊአምፔር ድረስ ጤነኛ ነው። ግማሽ አምፔር ከሳበ ግን በቀን 12 አምፔር ሰዓት ይሄዳል። ባትሪያችሁ የሚይዘው 70 አምፔር ሰዓት ከሆነ በሦስተኛው ቀን ከግማሽ በላይ ባዶ ነው። በብርድ ጠዋት ናፍታ ሞተር በዚያ አይነሳም። ባትሪ ሻጩ ታዲያ «ዋስትናው አይሸፍንም» ቢላችሁ አልተሳሳተም።

አለካኩ እንዲህ ነው። ቁልፉን ንቀሉ። በሮቹን ክፈቱና የበሩን መቆለፊያ በካቻቢቴ ገፍታችሁ የተዘጋ እንዲመስለው አድርጉ፤ አለዚያ የጋቢናው መብራት ይበራና ያሳስታችኋል። የቴስተሩን ቀይ ሽቦ 10 አምፔር የሚለው ቀዳዳ ውስጥ ክተቱ። የባትሪውን ኔጋቲቭ ኬብል ፍቱና ቴስተሩን በባትሪው ጫፍና በኬብሉ መካከል አግቡት። አሁን ከባትሪው የሚወጣው ሁሉ በቴስተሩ ውስጥ ያልፋል። በዚህ ጊዜ ሞተር ለማስነሳት አትሞክሩ፣ በርና መብራትም አትነካኩ፤ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል።

ከዚያ ታገሡ። መጀመሪያ ቁጥሩ ከፍ ይላል። የአዲሶቹ ፒካፖች ኮምፒውተር እስኪተኛ 20 ደቂቃ፣ አንዳንዴም እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ቡና ጠጥታችሁ ተመለሱ። ቁጥሩ ከ0.05 በላይ ሆኖ ከቀረ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ንቀሉ። የቱ ሲነቀል ነው ቁጥሩ ዝቅ የሚለው? ሌባው እዚያ መስመር ላይ ነው። የፊውዝ ሳጥን ሁለት መሆኑን አትርሱ፤ አንዱ ኮፈን ሥር፣ ሌላው ዳሽቦርድ ሥር።

እኔ የምመርጠው ሌላ ዘዴ አለ። ፊውዙን መንቀል የተኛውን ኮምፒውተር ሊቀሰቅሰው ይችላል። ስለዚህ አትንቀሉት። ኬብሉንም አትፍቱ። ቴስተሩን ሚሊቮልት ላይ አድርጉና በፊውዙ ጀርባ ላይ ያሉትን ሁለት ትናንሽ ብረቶች ንኩ። ዜሮ ካነበበ በዚያ ፊውዝ ምንም እያለፈ አይደለም። ትንሽ ሚሊቮልት ካሳየ ግን እያለፈ ነው። ሁሉንም ፊውዝ በጥቂት ደቂቃ ትጨርሳላችሁ።

ሁሉም ፊውዝ ተነቅሎ እንኳ ቁጥሩ ካልወረደስ? የዲናሞውን ወፍራም ሽቦ ጠርጥሩ። ዲናሞው ውስጥ ያለ ዳዮድ ሲበላሽ ቀን ቀን ቻርጅ ያደርጋል፣ ሌሊት ሌሊት መልሶ ይጠጣል። መኪናው ቆሞ ካደረ በኋላ ዲናሞውን በእጃችሁ ዳስሱት። ለብ ካለ አገኛችሁት።

ብዙ ጊዜ የሚጠጣው ምንድን ነው?

ከፋብሪካ በኋላ የተጨመረ ነገር። ጂፒኤስ፣ ማንቂያ ደወል፣ የሬዲዮ አምፕሊፋየር፣ ግንባሩ ላይ የተሰቀለ መብራት፣ ስልክ መሙያ። ገጣሚው ቸኩሎ በቁልፍ የሚዘጋውን መስመር ትቶ በቀጥታ ከባትሪው ይጎትተዋል። በተለይ የኔጋቲቭና የፖዘቲቭ ጫፍ ላይ በቴፕ የተጠቀለሉ ቀጫጭን ሽቦዎች ካያችሁ ከእነሱ ጀምሩ።

ሁለተኛው የተጣበቀ ሪሌ ነው። የማሞቂያ ካንዴላው ሪሌ ተጣብቆ ከቀረ በአንድ ሌሊት ባትሪውን ይጨርሰዋል። ሲነካ ትኩስ ነው፣ ስለዚህ ማግኘቱ አይከብድም።

ሦስተኛው አይጥ ነው። መጋዘን አጠገብ፣ የዶሮ መኖ ወይም እህል ባለበት ግቢ የምታቆሙ ሰዎች ኮፈኑን ከፍታችሁ ሽቦዎቹን በባትሪ መብራት እዩ። የተበላ ሽቦ ብረት ከነካ ፊውዝ ያቃጥላል፤ እርስ በርሱ ከተነካካ ደግሞ የሆነ ነገር ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያድራል።

ባትሪው ሙሉ ነው፣ ግን «ጧ» ብሎ ዝም ይላል። አምስቴ ስሞክር በስድስተኛው ይነሳል።

ይህ የሞተሪኖው ኮንታክት ምልክት ነው። ሞተሪኖው ውስጥ ወፍራሙን ኤሌክትሪክ የሚያገናኙ ሁለት የመዳብ ቁራጮች አሉ። በየማስነሳቱ በብልጭታ ይበላሉ። ቶዮታዎች ላይ በሚመጣው የዴንሶ ሞተሪኖ ይህ የታወቀ ነው። መድኃኒቱም ርካሽ ነው፤ ሙሉ ሞተሪኖ ሳይሆን መዳቦቹን ብቻ ማስቀየር ይቻላል። የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ያገለገለ ሞተሪኖ ከመግዛታችሁ በፊት የራሳችሁን አስከፍቱ። የሚገዛው ያገለገለም እኮ መዳቡ ተበልቶ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ በፊት ግን ኬብሎቹን አጣሩ። ጥቁሩን የቴስተር ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ቀዩን የሞተሩ ብረት ላይ ያዙና ሰው ቁልፍ ያዙር። ከ0.3 ቮልት በላይ ካሳየ የማሳ ኬብሉ (ኔጋቲቩን ከሞተሩ ብረት ጋር የሚያገናኘው) ዝጓል ወይም ብሎኑ ላልቷል። በቀዩም በኩል እንዲሁ፦ ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ብሎን ድረስ ከግማሽ ቮልት በላይ መጥፋት የለበትም። የክረምት ጭቃ ከሥር ሲረጭ የሚከርመው እነዚህን ብሎኖች ነው። በሽቦ ብሩሽ ጠርጎ ማጥበቅ ምንም ወጪ የለውም።

የባትሪው ጫፍ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ከተጋገረ ቤኪንግ ሶዳ በሞቀ ውሃ አሟሙታችሁ እጠቡት፣ አድርቁት፣ አጥብቁትና ቫዝሊን ወይም ግራሶ ቀቡት። ስትፈቱ ኔጋቲቩ ይቅደም፣ ስታስሩ ኔጋቲቩ ይከተል።

ለምን ከጥቅምት እስከ ጥር ይብስበታል?

ሱሉልታና ሰንዳፋ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትርና ከዚያ በላይ ናቸው። በጥቅምትና በኅዳር ሰማዩ ጥርት ሲል ሌሊቱ ውርጭ ያወርዳል። ቅዝቃዜው ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ የባትሪ የማስነሳት ጉልበት ከሦስት እጅ አንዱን ያህል ይቀንሳል። ዘይቱም ይወፍራል፣ ሞተሩን ማዞር ይከብዳል። ባትሪው በደከመበት ሰዓት ሥራው ይጨምርበታል ማለት ነው።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። እዚያ ያለው አየር ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ናፍታ ሞተር የሚነሳው አየሩን ጨምቆ በማሞቅ ነው። የሳሳ አየር ሲጨመቅ የሚደርስበት ግፊት ያንሳል፣ በብርድ ናፍታውን ማቀጣጠል ይከብዳል። ስለዚህ ማሞቂያ ካንዴላ ለደጋ ሰው የግድ ነው። የተጠቀለለ ሽቦ የምትመስለው ቢጫ መብራት እስክትጠፋ ጠብቁ። በጣም ከበረደ ሁለቴ አሙቁ። አንዱ ካንዴላ ብቻ እንኳ ቢሞት ሞተሩ ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፣ ነጭ ጭስ ይተፋል።

ጎረቤቴ የአይሱዙ ጭነት መኪና አለው። ከእሱ ኬብል ልዘርጋ?

መጀመሪያ ባትሪዎቹን ቁጠሩ። ብዙዎቹ የጭነት መኪናዎች ሁለት ባትሪ በተከታታይ ታስሮ 24 ቮልት ናቸው። 24 ቮልት ወደ ፒካፓችሁ ከገባ ኮምፒውተሩ፣ ሬዲዮውና አምፖሎቹ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ፤ ባትሪውም ሊፈነዳ ይችላል። እርግጠኛ ካልሆናችሁ አትሞክሩ። ከሌላ ፒካፕ ወይም ከቤት መኪና ይሻላል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ቀዩ በደከመው ፖዘቲቭ ላይ፣ የቀዩ ሌላ ጫፍ በጤነኛው ፖዘቲቭ ላይ። ጥቁሩ በጤነኛው ኔጋቲቭ ላይ፣ የጥቁሩ የመጨረሻ ጫፍ ግን በደከመው ባትሪ ላይ ሳይሆን ራቅ ብሎ ባለ የሞተሩ ብረት ላይ። ምክንያቱም የመጨረሻው ጫፍ ሲነካ ብልጭታ ያወጣል፣ ከባትሪው ደግሞ የሚቀጣጠል ሃይድሮጅን ይወጣል። ጤነኛውን መኪና አስነስታችሁ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ከዚያ የናንተን አስነሱ። ስትነቅሉ በተቃራኒው ከመጨረሻው ጀምሩ።

በግፊ ማስነሳትስ?

ማንዋል ከሆነ ይቻላል፤ ሁለተኛ ማርሽ ይሻላል። አውቶማቲክ በግፊ አይነሳም። ኮምፒውተር ያለው ናፍታ ሞተርም ባትሪው ጭራሽ ከሞተ ቢገፋ አይነሳም፣ ናፍታውን የሚረጨው ኤሌክትሪክ ነውና። ቁልቁለት ላይ አቁሞ ማደር የለመደ ሰው ብዙ ነው። ሞተሩ ካልተነሳ ፍሬኑም መሪውም እንደሚከብድ እወቁ። ከፊት ሰው ወይም ከብት እያለ አትልቀቁት።

የባትሪው ውሃ ጎድሏል። አሲድ ልጨምር?

አትጨምሩ። የሚተነው ውሃው ነው፣ አሲዱ እዚያው አለ። አሲድ ስትጨምሩ ለጥቂት ቀን የነቃ ይመስላል፣ ከዚያ ሰሌዳዎቹን ይበላቸዋል። የቧንቧ፣ የጉድጓድም ሆነ የታሸገ የመጠጥ ውሃ አይሆንም፤ ማዕድን አለበት። ለባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ፣ ሰሌዳዎቹን አንድ ሳንቲሜትር ያህል እስኪሸፍን ጨምሩ። አንዱ ክፍል ብቻ ደጋግሞ የሚጎድል ከሆነ ያ ክፍል እየሞተ ነው፣ ባትሪውም አይተርፍም።

ቤት ውስጥ ቻርጅ ላድርገው?

አዎ፣ ግን ቀስ ብሎ። ለ70 አምፔር ሰዓት ባትሪ 7 አምፔር አካባቢ ይበቃል። ክዳኖቹን አላሉ፣ አየር በሚገባበት ቦታ አስቀምጡ። ከሰል ከሚነድበት፣ ሻማ ከሚበራበት፣ ልጆች ከሚተኙበት ክፍል አርቁት። ይህን አጥብቄ እለምናችኋለሁ።

በየቀኑ አጭር መንገድ ብቻ ለምትሄዱ ደግሞ ቻርጀር ቢኖራችሁ ጥሩ ነው። ጠዋት ወተት ሰብስቦ፣ መብራት አብርቶ፣ በየደጁ ሞተሩ እየጠፋ እየተነሳ የሚሄድ መኪና፣ ከዚያም ሰልፍ ላይ በሚኒሞ የሚቆም መኪና፣ ያወጣውን መልሶ አይሞላም። ዲናሞው ጤነኛ ሆኖ እንኳ ባትሪው በየቀኑ ትንሽ እየጎደለ ይሄዳል። ግማሽ ላይ የከረመ ባትሪ ደግሞ ሰሌዳው ይጠነክርና መሙላት ይሳነዋል።

አዲስ ልገዛ ወሰንኩ። ምን ላይ?

የተመረተበትን ቀን። መደርደሪያ ላይ አንድ ዓመት የከረመ ባትሪ ሳይሠራ አርጅቷል። እዚያው ሱቁ ውስጥ በቴስተራችሁ ለኩ፤ ከ12.4 በታች ከሆነ ሌላ አምጣ በሉት። የአምፔር ሰዓቱ ከአሮጌው አይነስ፣ የፖዘቲቭና የኔጋቲቩ አቅጣጫም እንደ ቀድሞው ይሁን። አቅጣጫው ከተገለበጠ ኬብሉ አይደርስም፣ ወይ ደግሞ ተሳስቶ ይታሰራል።

አሮጌውን ባትሪ ሻጩ ብዙ ጊዜ በዋጋ ይቀበላል፣ ቆራሌውም ይወስደዋል። አሲዱን ግን ግቢ ውስጥ አትድፉት፣ ማንም መጥቶ እንዲሰብረውም አትፍቀዱ። ውስጡ እርሳስ ነው፤ አፈሩ ውስጥ ከገባ አይጠፋም፣ የሚጎዳውም መጀመሪያ በዚያ አፈር ላይ የሚጫወቱትን ሕፃናት ነው።